ሐያትን ፍለጋ በዛንዚባር ዙሪያ

ዛንዚባር ደርሼ መምጣቴን የሰሙ የቱሉ ዲምቱ ጎረቤቶቼ መጀመሪያ የሚጠይቁኝ ስለ ባሕሩ ነው። ውሃው እውነት እንደሚባለው ሰማያዊ ነው? ነው። ግን ለሽርሽር ሄዶ ባሕር ማየትና እህትን እየፈለጉ ማየት አንድ አይደለም። እኔ ያቺን ደሴት የዞርኳት ከፍርሃት ጋር ነው፤ የማወራውም እንደዚያው ነው።

ታናሽ እህቴ ሐያት ለሥራ ኦማን ሄዳ ሳለ ጁማ የሚባል የዛንዚባር ሰው አገባች። ኒካሑ ሲታሰር አባቴ ፈቃዳቸውን የሰጡት በስልክ ነው፤ አማቻችንን በፎቶ እንጂ በአካል አናውቀውም። ከዚያ ጁማ ይዟት አገሩ ገባ፤ ዓሣ አጥማጅ ነው። ሐያት ዓርብ ዓርብ ከጁምዓ ሶላት በኋላ ትደውልልን ነበር። ማርገዟን የነገረችንም በአንዱ ዓርብ ነው። ከዚያ አንድ ዓርብ ሳትደውል ቀረች። የሚቀጥለውም ዓርብ አለፈ። የሷም የባሏም ስልክ ዝግ ነው። እንዲህ እያለ ሁለት ወር ሊሞላ ሲል እናቴ ምግብ እምቢ አለች።

"ሂዱና ልጄን ይዛችሁልኝ ኑ" አለች።

አባቴ የልብ ሕመምተኛ ናቸው። ሐኪማቸው ጉዞውን ሲሰማ ራሱን ነቀነቀ። "ቤት ቁጭ ብዬ ነው የሚቆመው" አሉት ልባቸውን በእጃቸው እየነኩ። ዕድሜያቸውን ሙሉ በአሰብ መንገድ ከባድ መኪና የነዱ ሰው ናቸው፤ እኔም ከቃሊቲ መጋዘኖች ወደ ሐዋሳና ዲላ ዕቃ የማመላልስ የአይሱዙ ሾፌር ነኝ። ሁለት ሾፌር ባለበት ቤት የመንገድ ዕቅድ ማውጣት ቀላል ይመስላል። ስልኬ ላይ ካርታ ከፍቼ ደሴቲቱን አሳየኋቸው።

"ይቺው ናት?" አሉ መነጽራቸውን እያስተካከሉ። "ከዳር እዳር ከቃሊቲ አዳማ ብትሆን ነው።"

ሐያት መጨረሻ የነገረችን ሰሜን ጫፍ ላይ ኑንግዊ የሚባል መንደር መሆኗን ነው። መኪና ተከራይተን መጀመሪያ ወደዚያ እንወጣለን፤ ካጣናት ባሕሩን ይዘን በምሥራቅ እንወርዳለን፤ ከዚያ ደቡቡን ዞረን ወደ ከተማው እንመለሳለን አልን።

"ዞረንም ካጣናትስ?" አልኳቸው።

ካርታውን እንዳጠፋ በእጃቸው አመለከቱኝ።

እሑድ ጠዋት ተነሳን። እናቴ ለሐያት በርበሬ፣ ሽሮና ዳቦ ቆሎ አስታቅፋናለች። አውሮፕላኑ ውስጥ አባቴ ትንፋሻቸውን በረዥሙ በሳቡ ቁጥር ደረታቸውን አያለሁ። ስንወርድ ሙቀቱ እንደ አፋር ነው፤ ግን የአፋር ሙቀት ያደርቃል፣ ይሄኛው ያረጥባል። ሸሚዜ ገና በሩ ላይ ጀርባዬ ላይ ተለጠፈ። የጉምሩኩ ሰው ሻንጣችንን ከፍቶ የበርበሬውን ፌስታል ሲያነሳ ደነገጥኩ፤ ቀዩን ዱቄት ምን ብዬ ላስረዳው? ፈትቶ አሸተተው። ከዚያ አስነጠሰው፤ ደግሞ አስነጠሰው፤ ዓይኑ እንባ አቅርሮ እየሳቀ "ካሪቡ" አለን፤ እንኳን ደህና መጣችሁ ማለት ነው። አባቴ ከቤት ከወጣን ለመጀመሪያ ጊዜ ፈገግ አሉ።

ያደርነው በአሮጌው ከተማ፣ አንዲት ባልቴት በሚያከራዩት ክፍል ነው። ሁለት ሰው ጎን ለጎን በማያሳልፍ ቅያስ ውስጥ ነው። ለእራት ሩዝና በኮኮናት የተሠራ ነገር አቀረቡልን። አባቴ በእጃቸው አንዱን ቁራጭ አነሡና ክብ ክብ ነገሮች ተደርድረውበት አዩ።

"ይሄ እግር ነው ወይስ ምንድነው?"

"የባሕር እንስሳ ነው አባባ፤ ስምንት እግር ያለው።"

መልሰው በክብር አስቀመጡትና ሩዙን በሉ። ባልቴቷ የሐያትን ፎቶ ይዘን ልንፈልጋት መምጣታችንን ሲረዱ ሳህኑን አንስተው እንቁላል ጠብሰው ተመለሱ። ሒሳብ ውስጥ አላስገቡትም።

ሰኞ የተከራየነው ትንሽ ሱዙኪ መሪው በቀኝ ነው፤ መንገዱ ደግሞ በግራ ይነዳል። ይህን ከመሄዴ በፊት አውቀዋለሁ። ማወቅና መንዳት ግን ይለያያሉ። ፍሬቻ ላሳይ ስል ዝናብ መጥረጊያው ደረቁን መስታወት ያፋጫል። ማርሽ ለመቀየር ቀኝ እጄ በሩን ይመታል። አደባባዩ ላይ ስደርስ መኪኖቹ ሁሉ በተቃራኒው ይዞራሉ። እኔ በቃሊቲ አደባባይ፣ ሲሚንቶ የጫኑ ተሳቢዎች መሐል፣ ስልክ እያናገርኩ የማልፍ ሰው፣ እዚያ ትንሽ አደባባይ ዳር ላይ ቆሜ ላብ አጠመቀኝ።

"ግራህን ያዝ" ይሉኛል አባቴ። "ግራህን። ግራ ያ ነው።"

"አውቄያለሁ አባባ።"

"ታዲያ ለምን ወደዚህ ትመጣለህ?"

ፖሊሶች ብዙ ጊዜ አስቆሙን። ከመኪናው ጋር ያወጣሁትን የአካባቢውን የመንጃ ፈቃድ አሳያለሁ፤ ያዩታል፤ ይመልሱልኛል። ባስቆሙን ቁጥር ግን ስለ ሐያት የሆነ ነገር ሊነግሩን የጠሩን ይመስለኛል።

ኑንግዊ ስንደርስ ፀሐዩ ዘንበል ብሏል። ሐያት በላከችልን ፎቶ ላይ ያለውን ሰማያዊ በር አገኘነው። የከፈቱልን ግን ሌሎች ተከራዮች ናቸው። አባቴ ለዐሥር ሶላት ወደ መስጊድ ሲገቡ እኔ ጀልባ ወደሚሠሩ ሰዎች ወረድኩ። ከመካከላቸው እንደኔው በተሰባበረ እንግሊዝኛ የሚያወራ አንድ ጎልማሳ የጁማን ፎቶ ሲያይ መዶሻውን አስቀመጠ። ጁማ ከሁለት ወር ገደማ በፊት ሚስቱን ይዞ ለሥራ ወደ ምሥራቁ ዳርቻ መሄዱን ነገረኝ።

"ጀልባው ወጥቶ አልተመለሰም ሲባል ሰምቻለሁ" አለኝ።

"ሚስቱስ?"

"አላውቅም። አንዳንዴ አብራው ትወጣ ነበር።"

ከፊቴ ያለው ባሕር ያን ጊዜ ነው በትክክል የታየኝ። ሕፃናት ይንቦጫረቁበታል፤ ቱሪስቶች ፎቶ ይነሱበታል። ለእኔ መጨረሻ የሌለው ጉድጓድ ሆነብኝ። አባቴ ከመስጊድ ሲወጡ ፊቴን ታጥቤ ጠበቅኳቸው። "ወደ ምሥራቅ ሄደዋል አሉኝ" አልኳቸው፤ ሌላውን ዋጥኩት። እሳቸውም ምንም አልጠየቁኝም። ስለ ሁሉም ነገር የሚጠይቁ ሰው አለመጠየቃቸው ያኔ ሊገርመኝ ይገባ ነበር።

ማክሰኞ ሻዬን ሳልጨርስ ተነሳሁ። መንገዱ ግራና ቀኙ ኮኮናትና ሙዝ ነው፤ አልፎ አልፎ ባሕሩ በዛፎቹ መሐል ብልጭ ይላል። አባቴ መስኮቱን አውርደው መንደር በደረስን ቁጥር "አሰላሙ ዓለይኩም" ይላሉ፤ ፎቶውን ያሳያሉ። ሰዎቹ ከቤታቸው ወጥተው፣ ፎቶውን ከእጅ ወደ እጅ ተቀባብለው፣ ራሳቸውን ይነቀንቃሉ። አንዲት ሴት አናናስ ቆርጣ በመስኮት ሰጠችን። እኛ አገር መንገደኛ መኪና አቁሞ ሰው ሲፈልግ ጥቆማ የሚሰጠው ይበዛል፤ እዚያ መጀመሪያ የሚበላ ይሰጡሃል።

ከቀትር በፊት በአንድ መንደር ጤና ጣቢያ አገኘን። ነፍሰ ጡር ከሆነች እዚህ ታይታ ይሆናል ብዬ አባቴን መኪናው ውስጥ ትቼ ገባሁ። ግቢው ውስጥ ሰዎች በሳህን የተቋጠረ ምግብ ይዘው ግድግዳ ተደግፈው ይጠብቃሉ፤ ቃሊቲ ማረሚያ ቤት በር ላይ ምግብ ይዘው የሚጠብቁትን መሰሉኝ። እንደነሱው ማንም ማንንም አያናግርም። ነጭ ገዋን የለበሰች ነርስ ፎቶውን ተቀብላ አየችው። እጇን ደረቷ ላይ አደረገች።

"ፖሌ" አለችኝ። "ፖሌ ሳና።"

ቋንቋውን አላውቅም። የእጇንና የፊቷን ግን አወቅኩት፤ የሐዘን ነው። እንግሊዝኛዬን ስሞክር እሷም ጥቂት ቃል ፈልጋ "ማኩንዱቺ" አለች ወደ ደቡብ እያመለከተች። "እናት ቤት። ማኩንዱቺ።" ከውስጥ የምታምጥ ሴት ጮኸችና ነርሷ ትከሻዬን ነካ አድርጋኝ ሮጣ ገባች።

ማኩንዱቺ ቤቷ ይሁን መቃብሯ አልነገረችኝም። ወደ መኪናው ተመለስኩ።

"ምን አሉህ?"

"ደቡብ ናት። ማኩንዱቺ።"

"ናት አሉህ?" አሉ አባቴ ዓይኔን እያዩ።

"አዎ" አልኩና መኪናውን አስነሳሁ፤ ዝናብ መጥረጊያው ተነሳ።

ወደ ደቡብ ለመሄድ መንገዱ ከባሕሩ ይርቅና ወደ መሐል ደሴቱ ይገባል፤ ከዚያ ጥቅጥቅ ያለ ጫካ ያቋርጣል። ቅርንጫፍ ላይ ጀርባቸው ቀይ የሆኑ ጦጣዎች ተቀምጠዋል። ጎማችን የተነፈሰው እዚያ ነው። ዳር ይዤ ወረድኩና ክሪኩን አወጣሁ፤ መሬቱ አሸዋ ስለሆነ ክሪኩ መኪናውን በማንሣት ፈንታ ራሱ ይሰምጣል። በጉልበቴ ተንበርክኬ ስታገል አባቴ ከኋላዬ መጥተው ቆሙ።

"ሰይድ፤ ስለ ጀልባው ሰምቻለሁ።"

የያዝኩት የጎማ ቁልፍ ወደቀ።

"ከማን?"

"መስጊድ ውስጥ አንድ ሽማግሌ በዐረብኛ ነገሩኝ። አንተ እንዳትደነግጥ ዝም አልኩ። መሪ የያዘ ሰው አይነገረውም።"

"እኔም ሰምቻለሁ አባባ። አንቱ እንዳይደነግጡ ብዬ ነው።"

"አውቄያለሁ። ጠዋት ሻይህን ትተህ ስትነሳ አውቄያለሁ።"

ያን ጊዜ የነርሷንም ነገርኳቸው። እጇን እንዴት እንዳደረገች፣ ያለችውንም ቃል። አባቴ ስኮርታው ጎማ ላይ ተቀመጡ። ፊታቸው አመድ መሰለ። መድኃኒታቸውን አውጥቼ ውሃ ሰጠኋቸው፤ ብርጭቆ የለንም፣ ከፕላስቲኩ ሲጠጡ ውሃው ሸሚዛቸው ላይ ፈሰሰ። እዚያ ጫካ ውስጥ አንድ ነገር ቢሆኑ የት እንደምወስዳቸው፣ ለማን እንደምጮህ፣ በየትኛው ቋንቋ እንደምጮህ አላውቅም ነበር። ከዚያ ጉዞ ሁሉ የከፋው ሰዓት ያ ነው።

አንድ ሰው በብስክሌት ሲያልፍ አይቶን ቆመ። ከገበያ የሚመለስ ገበሬ ነው፤ አሊ ይባላል። ጎማውን አየ፤ አባቴን አየ። "ፖሌ" አለ።

ቀና አልኩ። "አባባ፣ ያቺ ቃል ናት! በዐረብኛ ይጠይቁልኝ።"

አሊ በልጅነቱ መድረሳ የተማረው ዐረብኛ አለው፤ አባቴም ከአሰብ ወደብ ያመጡት አላቸው። አባቴ ቃሉን ሲጠይቁት ሊስቅ ጀመረና ፊታችንን ሲያይ ተወው። እግሩን እንቅፋት ለመታው ሰው ይባላል አለ፤ ለደከመው፣ ለታመመ፣ ጎማ ለተነፈሰበት።

"ሰው ለሞተበትስ?" አሉት አባቴ።

"ለሱም" አለ አሊ።

እንደኛ "አይዞህ" ያለ ቃል ነው ማለት ነው። ሙሉ በሙሉ አላዳነንም፤ አልገደለንምም። አሊ ጠፍጣፋ ድንጋይ ፈልጎ ከክሪኩ ሥር አደረገ፤ ጎማውን ቀየርን። ቤቱ ቅርብ ነው፤ ሳታድሩ አትሄዱም አለ። አባቴ ዛሬውኑ ካልደረስን ሲሉ እጃቸውን ያዛቸው።

"ክፉም ይሁን ደግ ወሬ የሚሰማ ሰው በባዶ ሆዱ መሄድ የለበትም" አላቸው።

ሚስቱ ካሳቫ በኮኮናት ወተት ቀቀለች። ካሳቫው ወላይታ ቦዬ የሚሉትን ሥራ ሥር ይመስላል፤ አባቴ ደጋግመው በሉ። የባለቤቶቹን አልጋ ለቀቁልንና እነሱ መሬት ተኙ። ስንከለክላቸው እንደተሰደቡ ሰዎች ሆኑ።

ረቡዕ አሊ ሥራውን ትቶ አብሮን መጣ። ማኩንዱቺ ስንደርስ ባሕሩ የለም። ውሃው ሩቅ ድረስ ሸሽቶ ነጩ አሸዋ ገላውን ገልጧል፤ ሴቶች ቀሚሳቸውን ሰብስበው በረድፍ አጎንብሰው የባሕር አረም ይለቅማሉ። ለሽያጭ የሚያለሙት ተክል ነው አለን አሊ። ከሩቅ ጤፍ የሚያርሙ ይመስላሉ። የእያንዳንዷን ጀርባ እያየሁ ሐያትን ፈለግኩ። የለችም።

አሊ ሰው ጠይቆ የጁማን እናት ቤት አገኘ። ከባሕር ዳር በሚወጣ የኮራል ድንጋይ የተሠራ፣ ጣሪያው ቆርቆሮ የሆነ ቤት ነው። መኪናውን አቆምኩ። አባቴ የመኪናውን በር እጀታ ይዘው አልከፈቱትም።

"አንተ ሂድ" አሉኝ። "ካለች ጥራኝ። ከሌለች ቀስ ብለህ ተመለስ። አትሩጥ።"

በሩ ላይ አንዲት አሮጊት ብቅ አሉ። "ሐያት" አልኩ፤ ደረቴን እየመታሁ ወንድሟ መሆኔን ለማሳየት ሞከርኩ። ሴትየዋ ፊቴን በሁለት እጃቸው ያዙት፤ አገላብጠው አዩት። ከዚያ ወደ ውስጥ ተጣሩ።

ከጨለማው ውስጥ የሴት ድምፅ "ማነው?" አለ በአማርኛ።

ልጠራቸው ዞርኩ። አባቴ ግን ከመኪናው ወርደው በግማሹ መንገድ መጥተው ነበር፤ ያቺን አንዲት ቃል ከሩቅ ሰምተዋታል። ሐያት ሆዷ ገፍቶ፣ ፊቷ ከስቶ በሩ ላይ ቆመች። "አባባ?" አለች። እንደማታምን ሆና ደጋግማ "አባባ? አባባ?" አለች። አባቴ ጭንቅላቷን ደረታቸው ላይ ይዘው ቆሙ፤ እኔ ትንፋሻቸውን እያዳመጥኩ ነበር።

የሆነውን ቀስ በቀስ ነገረችን። ጁማ ስልኩ ስለተበላሸበት የሷን ይዞ ባሕር ወጣ። ማዕበል ጀልባውን ገለበጠው። ሌሎች አጥማጆች አስክሬኑን አግኝተው እዚሁ መንደሩ ቀበሩት፤ እሷም ያኔ ወደ እናቱ ቤት መጣች። እሷ ዒዳ ላይ ናት፤ ባል የሞተባት ሴት ከቤት የማትወጣበት ጊዜ ነው፤ ነፍሰ ጡር ስለሆነች እስክትወልድ ይቆያል።

"በሰው ስልክ መደወል አቅቶሽ ነው?" አልኳት፤ ሳላስበው ተቆጣሁ።

"ደውዬ ነበር። ገና ሳይጠራ እዘጋዋለሁ።" ወደ አባቴ ዞረች። "ልብዎን ፈርቼ ነው። ለእናቴ ብነግራት ከአንቱ አትደብቅም። በአንድ ቀን ሁለታችሁን ባጣስ ብዬ።"

አባቴ እጇን ይዘው ብዙ ቆዩ። ከሰዓት በኋላ ጁማ መቃብር ላይ ቆመው ዱዓ አደረጉለት፤ በስልክ ልጃቸውን የሰጡትን ሰው ያን ቀን ነው የተዋወቁት።

ለእናቴ ደወልን። ሐያት "ደህና ነኝ እማ" አለቻት። እናቴ ስለ ጁማ ስትጠይቃት ስልኩን ለአባቴ ሰጠች። መርዶ በስልክ አይነገርምና አባቴም "ሁሉንም ስንመጣ" ብለው ዘጉ።

ሐሙስን በሙሉ ስለመመለስ አወራን። ሐያት አልሄድም አለች። ዒዳው አንድ ነገር ነው፤ የጁማ እናት ግን ሌላ ልጅ የላቸውም። እኛ በማያውቁት ቋንቋ የምንለውን ባይሰሙም ስለምን እንደምናወራ ያውቃሉ። ቀኑን ሙሉ ሳህን እያጠቡ፣ የታጠበውን መልሰው እያጠቡ ዋሉ። ሐያትን እንዳንወስድባቸው ፈርተዋል።

"እንግዲያው እኔ እቀራለሁ" አሉ አባቴ። "እስክትወልድ።"

"መድኃኒትዎስ? ሐኪምዎስ?"

"መድኃኒት እዚህም ይሸጣል። አንተ ሂድና እናትህን አነጋግራት። ፊት ለፊት።"

ዓርብ ያለ አባቴ ነዳሁ። አብሮን የሰነበተውን አሊን ጫካው አጠገብ አወረድኩት፤ አቅፎኝ "ፖሌ ፖሌ" አለኝ፤ ቀስ ብለህ ንዳ ማለት ነው። ግራዬን ይዤ ነዳሁ። ግራህን ያዝ የሚለኝ ግን አልነበረም፤ ጎኔ ያለው ባዶ ወንበር ከአደባባዩም ከፖሊሶቹም የበለጠ አስፈራኝ። ስመጣ ለአንድ ሰው ፈርቼ ነበር፤ ስመለስ ለሁለት።

ቅዳሜ ቱሉ ዲምቱ ደረስኩ። እናቴ የኮንዶሚኒየሙን ደረጃ ሰምታ በሩን ከፍታ ጠበቀችኝ። ከኋላዋ ለሐያት የተነጠፈ አዲስ አንሶላ ይታያል። ትከሻዬን አልፋ ወደ ደረጃው አየች።

"አባትህስ?"

"ቀሩ" አልኩ፤ ቃሉ ከአፌ ሲወጣ እንዴት እንደሚሰማ ያወቅኩት ፊቷን ሳይ ነው። "ደህና ናቸው እማ! ከሐያት ጋር ናቸው። እስክትወልድ ብለው ነው የቀሩት።"

ግድግዳውን ይዛ ቁጭ አለች። ከጎኗ ተቀመጥኩ። እንዴት እንደምጀምር ሳስብ ቀደመችኝ።

"ልጁ ሞቷል አይደል? ሐያት ስልኩን ስታቀብል አውቄያለሁ።"

"አዎ።"

ነጠላዋን ፊቷ ላይ አድርጋ፣ በዓይኗ አይታው ለማታውቀው አማቿ አለቀሰች። ጎረቤቶች ሰምተው መጥተው አጠገባችን ተቀመጡ። ቆይታ ፊቷን ጠረገችና ወደ እኔ ዞረች።

"እናት አለችው?"

"አለችው።"

"ሌላ ልጅስ?"

"የላትም። ያለቻት ሐያት ናት።"

እናቴ የተነጠፈውን አልጋ አየች፤ ከዚያ ነጠላዋን አስተካክላ ለበሰች።

"እንግዲያ ትቆይላት" አለች።